ጊዳሜ የት ነው?

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለመምህር ጥሩሰው ሆሴዕ፣

ከነቤተሰብህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከድሬ ሙቀት በቀር የሚያስከፋኝ የለም፣ ተመስገን ነው። እናንተ ወራንቾ ኮረብታ ላይ በዚህ ወር ጋቢ ደርባችሁ እንደምትቀመጡ ሳስብ እቀናለሁ። እናትህ እማማ ገነቴስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰችኝ። ስልኬን እያወቅክ በወረቀት መጻፍህ ገርሞኝ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ስከፍታት ግን አራት መስመር ሆነችብኝ። ጥያቄህም አንድ ብቻ ነው፤ መጽሐፉ ስንት ቅጂ ወጣ? አምስት መቶ። ሁለት መቶው ሆሳዕናና ዱራሜ ነው፣ ሃምሳው አንተ ትምህርት ቤት፣ ሃያው አዲሎ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ጋዜጣ ሻጭ ዘንድ፣ የቀረው እኔ አልጋ ሥር። ለምን እንደጠየቅከኝ ግን አልጻፍክም።

የሰማኸው ነገር ካለ እኔም የሰማሁትን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ቤተልሔም የምትባል ሴት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ከባሏ ከኤሊያስና ከሁለት ልጆቿ ጋር «ከልጆች ጋር በእግር፦ ወራንቾና ዙሪያዋ»ን ይዘው እናንተ ዘንድ መጥተው ነበር። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ጉዞ ወደውታል። ልጁ በድሮው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት የድንጋይ ደረጃ ሃያ ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። ትንሿ ከአፋፉ ላይ ሆና ሐምበሪቾን ስታይ «ተራራው የደመና ኮፍያ አድርጓል» ብላለች። እስከዚህ ድረስ ስሰማ ልቤ በደስታ አብጦ ነበር።

ችግሩ ሦስተኛው ጉዞ ነው። «መንታው መንገድ ላይ ሁለቱ ባህር ዛፎች ዘንድ ስትደርሱ ጊዳሜ ምንጭ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም ያሳያችኋል» ብዬ ጽፌያለሁ። ማንም አላሳያቸውም። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሰደዳቸው፣ ሌላው ሳቀባቸው። የያዙት ውሃ አለቀ። ትንሿ ልጅ ከካብ ላይ ስትዘል ቁርጭምጭሚቷ ዞረባት፣ አባቷ በእንሰቱ መሐል አዝሏት ሦስት ሰዓት ዞረ። «መጽሐፍሽ ‹ለትንንሽ እግሮች ሃምሳ ደቂቃ› ነው የሚለው» አለችኝ እናቲቱ፣ ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥሩሰው፣ እኔ ተወልጄ ባደግኩባት፣ አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ ባስተማረባት ከተማ፣ ለእሱ መታሰቢያ ብዬ የጻፍኩት መጽሐፍ የሰው ልጅ ያንከራትታል? ረቂቁን አንተ አንብበህ «እንከን የለውም» ብለህ መልሰህልኛል። ታዲያ ምንጩ ምን ሆነ? ደረቀ? መንገዱ ተቀየረ?

መልስህን በጭንቀት የምትጠብቅ፣
ትርሲት ይበልጣል


ወራንቾ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትርሲት፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። ስለ እናቴ ጠይቀሽኛል። ጉልበቷ ደህና ነው። ሌላው ግን ደህና አይደለም። በቅደም ተከተል ላስረዳሽ፣ የመምህርነት ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ምንጩ አልደረቀም፣ መንገዱም አልተቀየረም። ጊዳሜ የሚባል ምንጭ ግን የለም።

በእኛ በከምባታ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ይህን ሳትሰሚ አልቀረሽም። ያልሰማሽው፣ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም እንደማትጠራ ነው። ባሊሻ እንለዋለን፣ አክብሮት ነው። የአያቴ ስም ማቴዎስ ነበር። እናቴ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ በ«ማ» የሚጀምር ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም፣ በአማርኛም ቢሆን። ማክሰኞ «ከሰኞ ቀጥሎ ያለው ቀን» ነው። ማር «የንቧ ነገር» ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም የማቴዎስ ወንጌል «የመጀመሪያው ወንጌል» ነው። አያቴ ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ እሷ ግን አልተወችም።

የምንጩም ስም በ«ማ» ይጀምራል። ስለዚህ የቤታችን ምራቶች የራሳቸውን ስም አወጡለት፤ ጊዳሜ። ቀዝቃዛ ከሚለው ቃላችን የመጣ ይመስለኛል። ይህን ቃል የሚያውቁት እናቴ፣ የአጎቴ ሚስት ሊሻንና ልጆቻቸው ብቻ ናቸው። አንቺ አምስት መቶ ቦታ አተምሽው።

እንግዶቹ በመጨረሻ የደረሱት ሊሻን ደጅ ነው። የማታውቀው ሰውዬ ልጅ አዝሎ «ጊዳሜ የት ነው?» ሲላት ጮኸች። «የቤታችንን ቃል ከየት ሰማችሁ?» ብላ ጠየቀች፣ እነሱም መጽሐፉን አሳዩዋት። ልጅቷን አሽታ፣ ውሃ አጠጥታ ሸኘቻቸው። ነገሩ ግን በማግስቱ ገበያ ደረሰ። አሁን የሰፈር ልጆች እናቴን «ጊዳሜ» ይሏታል። እሱንስ ትችለው ነበር። ያልቻለችው «እንግዳ መንገድ ጠይቃት የውሸት ስም ሰጠች፣ በእሷ ምክንያት የሰው ልጅ ተሰበረች» የሚለውን ነው። ሃያ ዓመት በሴቶች ኅብረት ጸሎት የመራች ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን ከሄደች አራት እሑድ ሆናት።

ለመጽሐፉ ልትጠይቂ የመጣሽ ቀን እኔ የመምህራን ስብሰባ ስለነበረብኝ ብቻሽን ወደ እሷ ላክሁሽ። ምን እንዳለችሽ እሷ ነግራኛለች። አንቺ ደግሞ ምን እንደሰማሽ ንገሪኝ።

ጥሩሰው


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጥሩሰው፣

ምን ሰማሽ ብለህ ጠየቅከኝ። ምንም አልሰማሁም። ይህችን መስመር ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። ስልክ ለመደወልም አፍሬ ነው። ስልክ ላይ ቶሎ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፣ መጀመሪያም የጎዳኝ እሱ ነው።

እናትህን በራቸው ላይ ሳገኛቸው የማውቃትን አንዲት የሰላምታ ቃል በከምባትኛ ወረወርኩ። ፊታቸው በራ። የመምህር ይበልጣል ልጅ ቋንቋችንን ታውቃለች ብለው ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ በአማርኛ አልመለሱልኝም። ስለ ምንጩ ስጠይቃቸው «ጊዳሜ» አሉ። እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። ረጅም ነገር ነገሩኝ፣ እጃቸውን ወደ ቤቱ ጓሮ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ወፍጮ ቤቱ እያመለከቱ። አንዲትም ቃል አልያዝኩም። ደጅ የሚጠብቀኝ የባጃጅ ሾፌር ጥሩምባ ይነፋል። እኔ አንገቴን ነቅንቄ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አልኩና ጉንጫቸውን ስሜ ሄድኩ።

ደግመው ጠይቀውኝም ነበር። የመጨረሻዋ ነገር ጥያቄ እንደነበረች ከድምፃቸው ታስታውቃለች። ለእሷም «አዎ» አልኩ።

አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ኖሬ ቋንቋውን አላውቀውም። እኛ ቤት ገበያ የሚገዛው በጣት ነበር፣ ይሄ፣ ያ፣ ስንት ነው። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ የእኛን ሲማሩ እኛ የእነሱን እንድንማር የነገረን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም። ይህ ሁሉ አንሶኝ የመጽሐፉን የጀርባ ገጽ አስታውስ፤ «ደራሲዋ ከምባትኛን እንደ አፍ መፍቻዋ አቀላጥፋ ትናገራለች።» ማተሚያ ቤቱ አይደለም የጻፈው። እኔ ነኝ። አንባቢ ያምነኛል ብዬ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሕዝብ ፊት የሚነበብ የይቅርታ ደብዳቤ እልካለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእማማ ገነቴ እንዳልሆነ ይነበብላቸው። የምንጩን እውነተኛ ስም ጻፍልኝና በየመጽሐፉ ውስጥ የሚገባ ማረሚያ አሳትማለሁ። ምን እንዳሉኝም ንገረኝ። ልወቀው።

አንድ ነገር ብቻ። ቃሉን ልጆቻቸውም ያውቁታል ብለሃል። አንተ ልጃቸው ነህ። ረቂቁን ስታነብ ሦስተኛው ጉዞ ላይ አልደረስክም ነበር?

ትርሲት


ወራንቾ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ትርሲት፣

እንኳን ለበዓለ ጥምቀቱ በሰላም አደረሰሽ።

ደብዳቤሽን ለእናቴ በቋንቋችን እየመለስኩ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለመሆኑ ባጃጁ እንደዚያ የቸኮለው የት ሊሄድ ነበር?»

ምን እንዳለችሽ ጠይቀሻል። እንዲህ ነው ያለችሽ፤ «ይህ የእኔ ቤት ቃል ነው፣ ውጭ ያለ ሰው አያውቀውም። ትክክለኛውን ስም ከአፌ ላወጣው አልችልም፣ አማቴ እዚህ ጓሮ ተኝተዋል። ወፍጮ ቤት ያለውን ሕዝቅኤልን ጠይቂው፣ እሱ ይነግርሻል። ትጠይቂዋለሽ አይደል?» አንቺ አዎ አልሽ።

የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤ አትላኪ። «ሰው ፊት ተነብቦልኝ ደግሞ ሁለተኛ ይሳቅብኝ?» ብላለች። የምንጩ ስም ማሪቾ ነው። እኔ ወንድ ነኝ፣ ልጽፈው እችላለሁ።

ረቂቁን በተመለከተ የፈተና ሰሞን ስለነበር በጥድፊያ ነው ያለፍኩት። ሦስተኛው ጉዞ ሳያመልጠኝ አልቀረም።

ጥሩሰው


ድሬዳዋ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጥሩሰው፣

ማረሚያው ታትሟል። ሆሳዕናና ዱራሜ በመኪና ልኬዋለሁ፣ የአዲሎው ጋዜጣ ሻጭ በእጁ ሊያስገባልኝ ቃል ገብቷል። «በገጽ 19 ጊዳሜ የተባለው ማሪቾ ተብሎ ይነበብ። ስህተቱ የደራሲዋ ነው፤ የጀርባው ገጽ ስለ ደራሲዋ ቋንቋ የሚለውም እውነት አይደለም» ይላል። አታሚው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ተይው ብሎኝ ነበር። አልተውኩትም። ቤተልሔምም ደውላ የልጇ እግር እንደዳነና ልጅቷም አሁን ድረስ ወራንቾንና ባለ ኮፍያውን ተራራ እንደምታነሳ ነገረችኝ።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ። ማረሚያውን ሳዘጋጅ አንተ የመለስክልኝን ረቂቅ ከሣጥን አወጣሁት። ገጽ 19 ላይ፣ «ጊዳሜ» ከምትለው ቃል ሥር፣ የእርሳስ መስመር አለ። ጠፍቷል። ላጲስ ግን መስመሩን እንጂ የእርሳሱን ጉድጓድ አያጠፋም፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳዞረው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እንዳንተ ያለ እጁን ተጭኖ የሚያሰምር ሰው አላውቅም።

ስለዚህ አልፎህ አይደለም። አይተኸዋል። አስምረህበታል። ከዚያ አጥፍተኸዋል።

በቁጣ ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ሦስተኛው ይሄ ነው፣ የምትመልስልኝም አንድ ቃል ነው። ለምን?

ትርሲት


ወራንቾ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትርሲት፣

ሰላምታ ለማቅረብ ፊት የለኝም፣ በቀጥታ ልመልስ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርን። አባትሽ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ጠመኔ ከእጃቸው ወደቀ። የፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ቀድሜ ልነግራቸው ፈለግኩ። አማርኛዬ ያኔ የገበያ አማርኛ ነው። «ቲቸር፣ ጠመኔሽ ወደቀ» አልኳቸው።

አባትሽ አልሳቁም። ጠመኔውን አንስተው «አመሰግናለሁ፣ ጥሩሰው» አሉኝ። የሳቅሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በማግስቱ ስሜ «ጠመኔሽ» ሆነ። ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጠመኔሽ ተባልኩ። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ አንድ የወራንቾ ልጅ ይዞት መጣ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አማርኛ ሳስተምር፣ ሰሌዳ ላይ «ሽ» ስጽፍ እጄ ትንሽ ይቆማል። ለምን በስልክ ፋንታ በወረቀት እንደምጽፍልሽ ገርሞሽ ነበር። ላንቺ ስጽፍ «ሽ» ትክክል ናት። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ረቂቅሽን ያነበብኩት በጥድፊያ አይደለም። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ገጽ 19 ላይ ስደርስ አሰመርኩበት። «ስሕተት፣ የቤታችን ቃል ነው» ብዬ ከጎኑ ልጽፍ ነበር። ከዚያ የጀርባውን ገጽ አየሁ። «አቀላጥፋ ትናገራለች።» መምህራን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳቅኩ። ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ ወዲያው አወቅኩት፣ የአንቺው ነው። ላጲስ ፈልጌ መስመሩን አጠፋሁት። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሷም በእኛ ቋንቋ ትሳሳትና ሰው ይሳቅባት አልኩ።

ሦስት አራት ሰው የሚያውቃት ትንሽ ስሕተት መስላኝ ነበር። በአንቺና በእኔ መካከል እናቴ እንዳለች አላሰብኩም። ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው እንደሚኖርም አላሰብኩም፣ የልጆች መጽሐፍ መሆኑን እያወቅኩ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነኝ። የሰፈሩ ልጆች እናቴን «ጊዳሜ» ሲሉ ሰምቼ ልቆጣቸው ወጣሁና ምን ብዬ እንደምቆጣ ጠፋኝ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። አሁንም አንቺን ትወቅሳለች፣ እኔ የሠራሁላትን ምሳ ትበላለች።

ጥሩሰው


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጥሩሰው፣

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ወር ሙሉ ለማስታወስ ስሞክር ነበር። ጠመኔው መውደቁን፣ የፊት ወንበሩን፣ የእኔን ሳቅ። አልመጣልኝም። ረስቼዋለሁ፣ ጥሩሰው። አንተ አርባ ዓመት ተሸክመኸው እኔ አንድ ሳምንት እንኳን አልያዝኩትም። ብታስታውሰኝ ኖሮ «ውይ፣ ልጅነት» ብዬ አልፈው ነበር፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

የእርሳሱን ነገር ከእንግዲህ አላነሳውም። ለእናትህ ግን እኔ አልናገርም። አንተ ትነግራቸዋለህ።

ርብቃ የምትባል የዱራሜ ልጅ እዚህ ነርስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ዘንድ ከምባትኛ እማራለሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ! አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የያዝኩት፤ «ሳይገባኝ ገብቶኛል ስላልኩዎት ይቅር ይበሉኝ።» ርብቃ በእያንዳንዱ ሙከራዬ ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

ለፋሲካ እመጣለሁ፣ እናትህ ከፈቀዱልኝ። ሦስተኛውን ጉዞ አንድ ጊዜ እንኳን ሙሉውን በእግሬ ሄጄው አላውቅም። መንታው መንገድ ላይ ደርሼ ነው በባጃጅ የተመለስኩት። ሃምሳ ደቂቃውንም ከግምት ነው የጻፍኩት።

ትርሲት


ወራንቾ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትርሲት፣

ነገርኳት። ጠመኔውን፣ ላጲሱን፣ ሁሉንም። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ምሳም ሊሻን ዘንድ ነው የምትበላው።

ዛሬ ጠዋት ብቻ በሩ ላይ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታኝ «ልጅቷ ትምጣ። ከሰኞ ቀጥሎ ባለው ቀን ወደ ምንጩ እወርዳለሁ። አንተ ትቀራለህ» አለች።

ጥሩሰው


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጥሩሰው፣

በሰላም ገብቻለሁ። አውቶቡሱ ሆሳዕና ላይ ሁለት ሰዓት ከማስቆሙ በቀር መንገዱ መልካም ነበር። ስንለያይ ያስያዝከኝን የገብስ ቆሎ ርብቃ ግማሹን ቀማችኝ።

ከመሄዴ በፊት «ምንጩ ጋ ምን ሆነ?» ብለህ ስትጠይቀኝ «በደብዳቤ» ብዬህ ነበር። አንተም አልገፋኸኝም። ደጃፉ ላይ ቆመህ ስንወርድ ስታየን ዞር ብዬ አይቼሃለሁ፣ እሳቸው ግን አልዞሩም።

ጉዞው ሃምሳ ደቂቃ አይደለም። በሰባ አራት ዓመት ጉልበትና በሁለት የልጅ ልጆች አንድ ሰዓት ከሃያ ነው። ያልጻፍኩት ብዙ ነገር አለ። ልጆች ውሃ የሚጠጡበት የድንጋይ ገንዳ አለ። ከወፍጮ ቤቱ በታች መንገዱ ስለሚያንሸራትት ትንንሾቹ እጅ ለእጅ መያያዝ አለባቸው። ሕዝቅኤልን እዚያው አገኘነው፣ «ያን ቀን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለኝና ከእኛ ጋር ወረደ። መንታው መንገድ ላይ እናትህ በበትራቸው ወደ ቀኝ አመለከቱኝ። ያን ቀን አንድ መቶ እርምጃ ቀርቶኝ ነበር የተመለስኩት።

ምንጩ ላይ አሥር ያህል ሰው ጀሪካን ይዞ ተራ ይጠብቃል። ሊሻንም ነበሩ። ፍርሃቱ እንዳያሸንፈኝ ብዬ ወዲያው ጀመርኩ። የተማርኩትን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልኩት። ከዚያ አንዷ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ ሳቀች፣ ቀጥሎ ሁሉም። የልጅ ልጆቻቸው እንኳ ድንጋይ ላይ ተንከባለሉ። ሕዝቅኤል እንባውን እየጠረገ ነገረኝ፤ «ይቅር ይበሉኝ» ልል «ይቅር ብዬዎታለሁ» ብያለሁ። ሊሻን በእኔ ድምፅ ደገሟት። ጥሩሰው፣ ጆሮዬ ጋለ። አንተ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር።

እናትህ በትራቸውን አነሱ። ሳቁ ቆመ። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ገብቶኛል» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። በእጃቸው ዘግነው ውሃ አጠጡኝ። የቤታችሁ ቃል እውነት ነው፣ ጥርስ ያቀዘቅዛል።

ስንመለስ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የንባብ ተራው የእሳቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ከየት ነው የሚያነቡት ስላቸው «ከመጀመሪያው ወንጌል» አሉኝ። ሄደው እንደሆነ ጻፍልኝ።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም፣ መልእክት ስላለብኝ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ስንቀመጥ ልጆቹን ወደ ፊት ላኳቸው። ከዚያ እያቆሙ፣ ቃል እየፈለጉ፣ በአማርኛ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ ስድስት ክፍል እያለ አልቅሶ መጣ። ‹ጠመኔ፣ ጠመኔ› ይላል። እኔ አማርኛ አላውቅም። ጠመኔ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሥራ ነበረብኝ። ‹ገብቶኛል› አልኩት፣ ሂድ ተጫወት አልኩት። አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል።»

እርስዎ ለምን አይነግሩትም፣ አንድ ግቢ አይደላችሁም ወይ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊት ለፊት እንደማይሆንላቸው ከዓይናቸው አየሁ።

«አንተ ጻፍለት» አሉኝ።

እኔን ነው። አልሳቅኩም። ይኸው ጻፍኩልህ።

ትርሲት